ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአበው ብሂል ያልተጠቀሰበት ስብሰባ በጦር ሰፈራችን የለም ብንል ከእውነት የራቅን አይሆንም። በጽዳት ዘመቻ ቀን ይነገራል፤ ምሽግ ሲቆፈር ይነገራል፤ የሰፈራችን እናቶች ዕድራቸውን ባቋቋሙበት ዕለትም ተነግሯል። ይሁን እንጂ አንድ ቃል ተደጋግሞ በመነገሩ ብቻ በልብ ገብቷል ማለት አይቻልም። እኛም ይህንኑ ብሂል ለሌላው ስናስተምር ኖረን፣ ትርጉሙን ራሳችን የተማርነው ገና በቅርቡ፣ ያውም ከድንበሩ ማዶ በኬንያዋ ሞያሌ በሚገኝ የአፈር ሜዳ ላይ ተሸንፈን መሆኑን ለውድ አንባቢዎቻችን ሳንሸሽግ መግለጽ እንወዳለን።

ነገሩ የቅርጫት ኳስ ነገር ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ የአንድ ተጫዋች ታላቅነት የሚለካው ብቻውን በሚያስቆጥረው ነጥብ ነውን? ወይስ እርሱ በመካከላቸው በመኖሩ ጓደኞቹ ሊሠሩ በሚችሉት ሥራ?

አንድ ስም፣ ሁለት ከተማ

ሞያሌ አንድ ስም ያላት ሁለት ከተማ መሆኗን እዚህ የሚኖር ሁሉ ያውቃል። ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ ለሚነሳ መንገደኛ ርቀቷ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ የሁለቱም አገር ዳር፣ የሁለቱም አገር በር ናት። ቦረናው፣ ገብራው፣ ቡርጂውና ሶማሌው ወዲያም ወዲህም ዘመድ አለው። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የጋራው የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ በሁለቱ አገሮች መሪዎች ተመርቆ ሲከፈት፣ የመንገደኛውና የጭነቱ ጉዳይ በሁለት ቦታ ከሚጉላላ በአንድ ቦታ እንዲያልቅ ታስቦ ነበር። በዚህ በር ከሚያልፈው ነገር ሁሉ ቀረጥ ተጠይቆበት የማያውቅ አንድ ነገር ቢኖር የኳስ ወሬ ነው።

የማዶዋ ሞያሌ ወጣቶች ለወዳጅነት ግጥሚያ ሲጋብዙን፣ አስፈላጊው ፈቃድ ከሁለቱም ወገን ተገኝቶ፣ አምስት ተጫዋቾችና ሦስት ተጠባባቂዎች ይዘን በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተሻገርን። ሜዳው አፈር ነው፤ ምሰሶዎቹ የብረት ቱቦ ናቸው፤ ከአንደኛው ቅርጫት ላይ መረቡ ተበጥሶ ቀለበቱ ብቻ ቀርቷል። ተመልካቹ ግን በግራሩ ጥላ ሥር ሞልቶ ነበር።

እኛ የተማመንነው በአንድ ሰው ነበር። ይህ ጓድ አሥር አለቃ ነው፤ ከቁመቱ የተነሳም በሰፈራችን «ማማው» ይባላል። ትክክለኛ ስሙን የማንጽፈው እንዳናነሳው ስለ ለመነን ነው። በዚህ ጋዜጣ የስፖርት ዓምድ ግን ከአሁን በፊት ሦስት ጊዜ ተነስቷል፤ ሦስቱንም የጻፍነው እኛው ነን። «ብቻውን አንድ ቡድን» ያልነውን አንባቢ ሳያስታውሰው አይቀርም። ለግጥሚያው የሰጠነው መመሪያም ከዚሁ ጽሑፍ የተቀዳ ነበር፦ ኳሱን ለማማው ስጡ፤ የቀረውን ለእሱ ተዉት።

ማማው አላሳፈረንም። ከቡድናችን ነጥብ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን እርሱ አስቆጠረ። ተመልካቹም ለገዛ ልጆቹ ካጨበጨበው ይልቅ ለእርሱ ያጨበጨበው በዛ። ሆኖም ግጥሚያውን ያሸነፉት ከማማው ትከሻ የማይደርሱ አምስት ቀጫጭን ወጣቶች ነበሩ። ኳሱ በእነርሱ ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ማን እንደሚወረውረው ለማወቅ አይቻልም ነበር። የእኛ አራቱ ግን ኳሱን ለማማው ካቀበሉ በኋላ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ከተመልካቹ ጋር ይመለከቱ ነበር።

ከሜዳ ስንወጣ ከተጫዋቾቻችን አንዱ፣ አንድ ተራ ወታደር፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው «እኛማ የመጣነው ለማጨብጨብ ነው» አለ። ማማው ሰማው። ማሊያውን አውልቆ፣ በሥርዓት አጥፎ ወደ እኛ ቀረበና «መቶ አለቃ፣ ከእንግዲህ ይህን ለሌላ ሰው ይስጡልኝ» አለን። ከሽንፈቱ ይልቅ ያስደነገጠን ይህ ነበር። አንድ ቡድን ይዘን ተሻግረን ለየብቻ የቆሙ አምስት ሰዎች ይዘን ልንመለስ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ደግሞ በዚያው ሳምንት ሌሊት በአንድ የጥበቃ ቦታ አብረው የሚቆሙ ናቸው። በሜዳ የተኳረፈ በጥበቃ ላይ አይነጋገርም፤ በጥበቃ ላይ የማይነጋገር ሰው ምን እንደሚያመጣ ለወታደር አይነገርም።

የሙዋሊሙ ደብተር

ባለሜዳዎቹ ወተት የበዛበት ሻይና ማንዳዚ ጋበዙን። የቡድናቸው አሠልጣኝ በጡረታ ላይ ያሉ አዛውንት መምህር ናቸው፤ ልጆቹ ሁሉ በስዋሂሊ «ሙዋሊሙ» ይሏቸዋል፤ መምህር ማለት ነው። አማርኛውን ከልጅነታቸው ጀምሮ በገበያ የለመዱት ስለሆነ ያለ አስተርጓሚ ተግባባን።

ክርክሩን የጀመሩት ወጣቶቹ ናቸው። የእኛው አንዱ ከማይክል ጆርዳንና ከሌብሮን ጄምስ ማን ይበልጣል ብሎ ጠየቀ፤ ነገሩ እንደ ገበያ ጫጫታ ተነሳ። አንድ የማዶ ወጣት ደግሞ «ታላቅ ሰው ማለት ኪፕቾጌ ነው፤ ብቻውን ሮጦ ማራቶንን ከሁለት ሰዓት በታች የጨረሰ!» አለ። ሙዋሊሙ ሻያቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «ብቻውን አልክ? አርባ አንዱን ሰው የት አደረግኻቸው?» አሉት።

እውነታቸውን ነው። ኤልዩድ ኪፕቾጌ ጥቅምት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. በቪየና ከተማ ርቀቱን በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሲፈጽም፣ 41 ምርጥ ሯጮች በየተራ እየተፈራረቁ ነፋሱን ከፊቱ ሲከላከሉለት፣ ፍጥነቱንም ሲጠብቁለት ነበር። ከዚህም የተነሳ ሩጫው በይፋ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ አልተመዘገበም። ይህ የኪፕቾጌን ታላቅነት አይቀንስም፤ ያንን ፍጥነት እስከ መጨረሻው የያዘ ከእርሱ በቀር ማንም አልነበረምና። ነገር ግን «ብቻውን» የሚለው ቃል ትክክል አይደለም።

ከዚህ በኋላ ሙዋሊሙ ከኪሳቸው አንድ የተማሪ ደብተር አወጡ። «ልጄ፣ እናንተ ዘንድ የሚጻፈው ማን አስቆጠረ የሚለው ነው። እኔ የምጽፈው ሌላ ነው» አሉን። በደብተሩ ውስጥ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ መስመር አለው። ሲገባ ውጤቱ ስንት ለስንት እንደነበረ ይጻፋል፤ ሲወጣም እንደዚሁ። ከሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ እርሱ በሜዳ ላይ ሳለ ቡድኑ ምን ያህል እንዳተረፈ ወይም እንደከሰረ ያሳያል። ይህ የመደመርና የመቀነስ ሒሳብ ዛሬ በዓለም ታላላቅ የቅርጫት ኳስ ውድድሮች ሁሉ የሚሠራበት ነው፤ ሙዋሊሙ ግን የሚሠሩት በእርሳስ ነው።

የእኛንም ቡድን ጽፈውት ነበር። ማማው ውኃ ሊጠጣ ወጥቶ ባረፈባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አራቱ ጓዶች መሮጥ ጀምረው፣ ያለ እርሱ ልዩነቱን አጥብበው ኖሯል። እኛ ይህን አላየንም፤ ዓይናችን ያረፈው ውኃ በሚጠጣው ሰው ላይ ነበርና።

እንግዲህ ማማው ለቡድኑ ጉዳት ነው ማለት ነውን? ሙዋሊሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደብተሩም ይዋሻል። ጎበዙ ልጅ ከደካሞች ጋር ከተሰለፈ ጥፋታቸው በእርሱ ስም ይጻፋል። የአንድ ቀን ሒሳብ ሐሜት ነው፤ የዓመት ሒሳብ ነው ምስክር የሚሆነው። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አራቱ ቆመው እንዲያዩ ያዘዛቸው ማነው?»

ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ አልነበረንም። ወደ ሰፈራችን ከተመለስን በኋላ ግን መልሱን በታሪክ ውስጥ መፈለግ ጀመርን። ያገኘነውንም እነሆ እናቀርባለን።

የ1954 ዓ.ም. ሁለት ታሪኮች

የካቲት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. አገራችን የዓድዋን ድል 66ኛ ዓመት በምታከብርበት ዕለት፣ በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ክፍለ ግዛት፣ ሄርሺ በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ ዊልት ቻምበርሊን የተባለው የፊላደልፊያ ዋሪየርስ ተጫዋች በአንድ ግጥሚያ 100 ነጥብ አስቆጠረ። ቡድኑ የኒው ዮርክ ኒክስን ያሸነፈው 169 ለ147 ነበር። በዚያ የውድድር ዘመን ቻምበርሊን በአማካይ በየግጥሚያው 50.4 ነጥብ አስቆጥሯል። ሃምሳ! አበው ስለ ሎሚው የተናገሩት ቁጥር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተጭኖ የታየበት ዘመን ይህ ነው።

ታዲያ በዚያ ዓመት ዋንጫውን የወሰደው ማን ነበር? ቦስተን ሴልቲክስ ነው። ቦስተን ፊላደልፊያን በሰባተኛውና በመጨረሻው ግጥሚያ 109 ለ107 አሸንፎ አለፈ፤ ከዚያም ሎስ አንጀለስ ሌከርስን ረትቶ ሻምፒዮን ሆነ። የቦስተን ምሰሶ የነበረው ቢል ራስል በዚያ ዓመት በአማካይ ያስቆጠረው 18.9 ነጥብ ብቻ ነበር። ሆኖም የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው ራስል እንጂ ቻምበርሊን አልነበረም፤ በዚያን ዘመን መራጮቹ ደግሞ ጋዜጠኞች ሳይሆኑ ራሳቸው ተጫዋቾቹ ነበሩ። ላቡን አብሮ ያፈሰሰ ሰው የትኛው ተቃዋሚ ይበልጥ እንደሚያስቸግረው ያውቃልና ይህ ምስክርነት ቀላል አይደለም። ራስል በ13 የውድድር ዘመናት 11 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ተቃዋሚ የወረወረውን ኳስ ሲመታ እንኳ ለጭብጨባ ብሎ ወደ ተመልካቹ አያርቀውም፤ ወደ ጓደኛው እጅ ያደርሰው ነበር እንጂ።

ይሁን እንጂ ፍርዱን ከመስጠታችን በፊት የ100 ነጥቡን ታሪክ ጠጋ ብለን እንመልከተው። በዚያ ምሽት ጋይ ሮጀርስ የተባለው የቻምበርሊን ጓድ 20 ጊዜ ነጥብ ያስገኘ ኳስ አቀብሏል። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ኒው ዮርኮች ኳሱ ለቻምበርሊን እንዳይደርስ ሌሎቹን ተጫዋቾች ሆን ብለው ጥፋት እየሠሩባቸው ሲያስቆሙ፣ ጓደኞቹ በበኩላቸው ኳሱን መልሰው እያገኙ ለእርሱ ያደርሱ ነበር። ከግጥሚያው በኋላ በተነሳው ፎቶግራፍ ላይ 100 የሚል ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ የሚታየው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። እኛም በዚህ ጋዜጣ ያነሳነው ፎቶግራፍ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ሁለተኛው ታሪክ የራሳችን ነው። ይህ ከመሆኑ 40 ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ስታዲዮም የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ግጥሚያ ተደርጓል። ተጋጣሚያችን ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ነበረች። ግብፆች ሁለት ጊዜ መርተዋል፤ ሁለቱንም ግብ ያስቆጠረው አንድ ሰው፣ ባዳዊ አብደል ፋታህ ነበር። የእኛን ግቦች ያስቆጠሩትስ? የመጀመሪያውን ግርማ ተክሌ፤ ሁለተኛውን፣ መደበኛው ጊዜ ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ፤ በተጨማሪው ሰዓት ሦስተኛውን ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ፤ አራተኛውንና መደምደሚያውን መንግሥቱ ወርቁ። አራት ግብ፣ አራት ሰው! ውጤቱ 4 ለ2 ሆነ፤ ዋንጫውም በአገሩ ቀረ።

በዚያ ውድድር ባዳዊና መንግሥቱ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ግብ አስቆጥረው በግብ ብዛት እኩል ወጥተዋል። በግል ሚዛን ከተመዘኑ ልዩነት የላቸውም። ልዩነቱ ያለው ባዳዊን የያዘ ተከላካይ የግብፅን ግብ አግቢ ሲይዝ፣ መንግሥቱን የያዘ ግን ገና ሦስት ሌሎች የሚቀሩት በመሆኑ ላይ ነው። መንግሥቱ ወርቁ በኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ ውስጥ ስሙ ከታላላቆቹ ሁሉ ቀድሞ የሚነሳ ሰው ነው፤ ታላቅነቱ ግን ሦስቱን አልጋረዳቸውም።

የሁለት ለአንድ ሒሳብ

እዚህ ላይ «ታዲያ ኮከብ ተጫዋች አያስፈልግም ማለት ነውን?» የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። መልሱ ፈጽሞ አይደለም የሚል ነው። ኮከቡን በቡድን ስም ማኮሰስ፣ ቡድኑን በኮከብ ስም ከመርሳት ያላነሰ ስሕተት ነው።

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይባላል። ተቃዋሚም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ በብርቱው ላይ ሁለት ሰው ያሰማራል። የቅርጫት ኳስ ቡድን ግን አምስት ሰው ብቻ ነው። ሁለቱ አንዱን ከያዙ፣ የቀሩት ሦስት አራት ሰው መያዝ ሊኖርባቸው ነው፤ ከአራቱም አንዱ ሁልጊዜ ነፃ ሆኖ ይቀራል። በጦር ሜዳ የጠላትን እሳት ወደ ራሱ የሚስብ ጠንካራ ምሽግ ለጎን ጥቃት መንገድ እንደሚከፍት ሁሉ፣ የብርቱ ተጫዋች ዋናው ጥቅም በሚያስቆጥረው ነጥብ ብቻ ሳይሆን ለጓደኛው በሚከፍተው ቦታ ላይ ነው። ነገር ግን ይህ ጥቅም የሚገኘው ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው፦ ብርቱው ኳሱን ለመልቀቅ ሲፈቅድ፣ ነፃ የሆነውም ጓድ ቆሞ ከማየት ይልቅ ለመቀበል ሲዘጋጅ።

ቻምበርሊን ራሱ ይህን ተምሯል። በ1959 ዓ.ም. በተፈጸመው የውድድር ዘመን፣ በፊላደልፊያ ሰቨንቲ ሲክሰርስ ቡድን፣ አሠልጣኙ አሌክስ ሃነም ጥቂት እንዲወረውርና ብዙ እንዲያቀብል አሳመነው። አማካይ ነጥቡ ወደ 24.1 ወረደ፤ በየግጥሚያው ግን ወደ 8 የሚጠጋ ነጥብ ያስገኘ ኳስ ለጓደኞቹ አቀበለ። ቡድኑ 68 ግጥሚያ አሸንፎ 13 ብቻ ተሸነፈ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ዋንጫውን ሳይለቅ የቆየውን ቦስተንን 4 ለ1 ረትቶ ሻምፒዮን ሆነ። ሃምሳው ሎሚ ሲከፋፈል እንዲህ ጌጥ ሆነ።

ማይክል ጆርዳንም እንደዚሁ። በ1979 ዓ.ም. በአማካይ 37.1 ነጥብ ሲያስቆጥር ዋንጫ አልነበረውም፤ የመጀመሪያውን ያገኘው ከአራት ዓመት በኋላ በ1983 ዓ.ም. ነው። በሰኔ ወር 1989 ዓ.ም. ከዩታ ጃዝ ጋር በተደረገው ስድስተኛ ግጥሚያ ውጤቱ እኩል ሆኖ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ፣ ዓለም ሁሉ ኳሱን ጆርዳን ይወረውረዋል ብሎ ሲጠብቅ፣ ሁለት ተከላካይ ሲመጣበት ነፃ ለነበረው ለስቲቭ ከር አቀበለው። ከር አስገባው፤ ቺካጎም አምስተኛውን ዋንጫ አነሳ።

ከዚህ ዓይነቱ ሥራ የኢትዮጵያ ወታደር ሩቅ አይደለም። በ1952 በሮም፣ በ1957 በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ በእግሩ ጉዳት ምክንያት ሲያቋርጥ፣ የዚያው ክፍል ባልደረባ የነበረው ማሞ ወልዴ ሩጫውን በድል ፈጸመው። ይህ ማሞ ከአንድ ሳምንት በፊት በ10 ሺህ ሜትር በኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ተቀድሞ ሁለተኛ የወጣ ነበር። በሐምሌ ወር 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ደግሞ የአየር ኃይሉ ምሩፅ ይፍጠር፣ ከመሐመድ ከድርና ከቶሎሳ ቆቱ ጋር ፍጥነቱን እየተፈራረቁ ፊንላንዳውያኑን ካደከሙ በኋላ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ወሰደ። መሐመድ ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ ሆነው ጨረሱ። አራተኛ ለወጣ ሰው ሜዳሊያ አይሰጠውም፤ ያለ እርሱ ግን ወርቁ እንዴት እንደሚገኝ የሚነግረን የለም።

ሁለተኛው እሑድ

ይህን ሁሉ ካጠናን በኋላ በመጀመሪያ ያደረግነው ተጫዋቾቹን ሰብስበን ጥፋቱ የእኛ እንደነበረ መናገር ነበር። «ብቻውን አንድ ቡድን» ብሎ መጻፍ አራት ሰዎችን ከቡድን መሰረዝ ነው፤ አምስተኛውንም ከጓደኞቹ ማራቅ ነው። ማማው ማሊያውን መልሶ ወሰደ። ለማጨብጨብ መጣን ያለው ወታደርም እንደ ሙዋሊሙ ደብተር የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ደብተሩ የሚጻፈውም በአንድ ሰው ሳይሆን በተራ እንዲሆን ተስማማን።

በሁለተኛው እሑድ ወደ ማዶ ስንሻገር ሌላ ቡድን ነበርን። ማማው ያስቆጠረው ከበፊቱ ያነሰ ነበር፤ የሮጡት ግን አምስት ነበሩ። እስከ መጨረሻው ደቂቃ ድረስ ከአንድ ቅርጫት በላይ ልዩነት አልነበረም። አንድ ነጥብ ተመርተን ሰዓቱ ሊያበቃ ሲል ኳሱ ማማው እጅ ገባ፤ ሁለት ሰው ተጣበቀበት። በግራ በኩል ያ ወታደር ነፃ ሆኖ ቆሟል። ማማው አቀበለው። ወታደሩ ወረወረ። ኳሱ የቀለበቱን ጠርዝ መትቶ ወደ ውጭ ወጣ።

ተሸነፍን። አንባቢ በዚህ ቦታ የድል ዜና ይጠብቅ እንደነበረ እናውቃለን፤ የሆነው ግን ይህ ነው። ወታደሩ በሜዳው መካከል ራሱን ይዞ ቆመ። ማማው ወደ እርሱ ሄዶ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈና «በሚቀጥለውም ለአንተ ነው የማቀብለው» አለው። በዚያ ሌሊት ሁለቱ በአንድ የጥበቃ ቦታ ሲቆሙ የቁጥጥር ጉብኝት ላይ ነበርን። ከሩቅ የሰማነው የዝግታ ወሬ ስለዚያች ኳስ ነበር፤ እግርህ ተከፍቶ ነበር፣ ክንድህን ቀደም ብለህ ዘርጋ፣ የሚል። ከዚህ በኋላ ስለ ውጤቱ አላዘንንም።

ለቤተሰብ ዓምዳችን

ይህ ጉዳይ የሜዳ ብቻ አይደለም። በየቤታችን ነጥብ አስቆጣሪ አለ፤ ኳስ አቀባይም አለ። የባል ማዕረግ ሲጨመር በሥርዓቱ ላይ ስሙ ይጠራል፤ ከሰፈር ወደ ሰፈር ስትዘዋወር ቤቱን አፍርሳ የሠራችው፣ ልጆቹን ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ያዛወረችው ባለቤቱ ግን በጭብጨባው ውስጥ አትነሳም። ሪፖርት ካርድ ይዞ የመጣው ልጅ ሲመሰገን፣ ታናሹን ስታዝልለት የነበረችው እኅቱ በዚያው ቀን ልትመሰገን ይገባታል።

ለልጆቻችሁም ይህን ጨዋታ እንጠቁማለን። የቅርጫት ኳስ ራሱ ሲፈጠር፣ በ1884 ዓ.ም.፣ ጄምስ ናይስሚዝ የተባለው መምህር የሰቀለው የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት ነበር። እናንተም በግቢያችሁ አንድ አሮጌ ቅርጫት በልጆቹ ቁመት ልክ ስቀሉ፤ ኳሱ ከጨርቅ ቢሠራም ይበቃል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ኳሱ በሁሉም ልጆች እጅ ሳያልፍ ወደ ቅርጫቱ መወርወር ክልክል ነው። ነጥቡም ሲቆጠር ለወረወረው አንድ፣ ላቀበለውም አንድ ይሰጠዋል። ታናሹ ልጅ ኳስ እንዲደርሰው ታላቁ ሲጠብቀው ታያላችሁ።

በሰፈራችን ሜዳ በኩል ማለዳ የሚያልፍ ሰው አሁን የኳስ ድምፅ ይሰማል። ያ ወታደር ከግራ በኩል፣ ከዚያችው ቦታ፣ ደጋግሞ ይወረውራል። ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ ኳሱን እየለቀመ የሚመልስለት ማማው ነው። የማዶዎቹ ወጣቶች በቅርቡ ወደ እኛ ዘንድ ተሻግረው ይጫወታሉ፤ ሙዋሊሙም ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ውድ አንባቢዎቻችን ከነቤተሰባችሁ እንድትገኙ ስንጋብዝ አንድ ነገር አደራ እንላለን፦ ኳሱ ቅርጫቱ ውስጥ ሲገባ ከማጨብጨባችሁ በፊት ከማን እጅ እንደመጣ ተመልከቱ። እኛም ከእንግዲህ በዚህ ዓምድ የሁለቱንም ስም እንጽፋለን።